ጾመኛና ረኀብተኛ

ሁለት ሰዎች ከማለዳ ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ ዘጠኝ ሰዓት ቢደርስባቸው፣ ሆዳቸውን ብቻ የሚመረምር ሐኪም በመካከላቸው ልዩነት አያገኝም። የሁለቱም ጉልበት ዝሏል፤ የሁለቱም አፍ ደርቋል። ይሁን እንጂ አንደኛው ጾመኛ፣ ሁለተኛው ረኀብተኛ መሆኑ በታወቀ ጊዜ፣ ኅብረተሰቡ የመጀመሪያውን በአክብሮት፣ ሁለተኛውን በሐዘኔታ ይመለከታል። አንድ ዓይነት ባዶ ሆድ በአንደኛው ዘንድ ክብር፣ በሌላው ዘንድ ውርደት የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? «አንዱ ፈቅዶ፣ ሌላው ተገዶ ስለ ሆነ ነዋ» የሚለው መልስ ቶሎ ከአፍ ይወጣል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ፈቃድ ብቻውን አንድን ተግባር በጎ አያደርገውምና። ንፉግም ፈቅዶ ይራባል፤ ገንዘቡን ለማብዛት ሲል ከጉሮሮው ይቆጥባል። እንግዲህ ጾምን ከረኀብም ሆነ ከንፍገት የሚለየው ምን እንደ ሆነ መመርመር ለሃይማኖት ሰዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን፣ ስለ ሰው ልጅ ክብር የሚያስብ ሁሉ የሚጋራው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከኩታበርና ከአካባቢዋ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። ኩታበር ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኝ የወሎ ደጋ ናት። ገበሬዋ የክረምቱን ዝናብ ብቻ ሳይሆን የበልጉንም ዝናብ አንጋጦ የሚጠብቅ ነው። ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ውስጥ ስለሚውል፣ የበልግ ዘር መሬት ከሚገባበትና የመኸሩ እህል በጎተራ ውስጥ መሳሳት ከሚጀምርበት ወቅት ጋር ይገጣጠማል። በደኅናው ዓመት ገበሬው ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾሞ ፋሲካን ይፈስካል። በልጉ በቀረበት ዓመት ግን ጾሙ የት ላይ አብቅቶ ረኀቡ የት ላይ እንደ ጀመረ ለመለየት ያዳግታል። ሽማግሌዎች የ1965 እና የ1966 ዓ.ም.ን፣ ኋላም የ1977 ዓ.ም.ን ክፉ ቀን ሲያነሡ የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ የጾም ሰዓት የሚፈታበት ዘጠኝ ሰዓት ደርሶ በምጣዱ ላይ የሚጋገር አለመኖሩን።

የጾሙ መጠሪያ እንኳ ለዚሁ ጥያቄ በር ይከፍታል። ዐቢይ ጾምን ሕዝቡ «ሁዳዴ» ይለዋል። በቀድሞው የመሬት ሥሪት ሁዳድ የመንግሥት ወይም የባላባት እርሻ ሲሆን፣ ገባሩ የራሱን ማሳ ትቶ በግዴታ የሚያርሰውና የሚያጭደው ነበር። ጾሙንም «የጌታ» በመሆኑ ከዚሁ ከሁዳድ ጋር የሚያዛምዱት አሉ። ዝምድናው ቢያስደንቅም በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይበልጥ ያስተምራል። ገባሩ በሁዳዱ ላይ ላቡን አፍስሶ የሚያመርተው እህል ወደ ማን ጎተራ እንደሚገባ ያውቅ ነበር። ጾመኛው ግን ከአፉ የከለከለው እህል ወደ ማን እንደ ደረሰ አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅም። ጾምን የሚመለከተው የግብረ ገብ ጥያቄ ሁሉ በዚህች ነጥብ ላይ የሚያርፍ ይመስላል፤ ያልተበላው ምሳ የማን ነው?

ጥያቄውን ከመመለስ በፊት ጾም በወሎ ገበታ ላይ የሚሠራውን ሥራ ማየት ይጠቅማል። በዚህ አገር በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ መስጊድ የሚሰግድና ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም መገኘቱ የተለመደ ነው። ይሁንና ገበታው በአንድ ነገር ይለያል፤ በሥጋ። ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን አይበላም። ስለዚህ በሠርግም ሆነ በተዝካር ጊዜ እርዱም ድስቱም ለየብቻ ይሆናል። የጾም ምግብን ግን ቢላዋ አልነካውም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ የተልባው ፍትፍት፣ ሰናፍጭ የገባበት ስልጆ የማንንም ሃይማኖት አይጠይቁም። በሌላው ጊዜ «የናንተ ነው፣ የኛ ነው» እየተባለ የሚለየው ሌማት በሁዳዴ ወራት ለጎረቤት ሁሉ ክፍት ይሆናል። ረመዳን በየዓመቱ ወደ ፊት እየመጣ ከሁዳዴ ጋር በሚገጥምበት ጊዜም አገሩ በሙሉ የምሳ ሰዓት የሌለው አገር ይሆናል፤ በ2016 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ቀን፣ መጀመራቸው ይታወሳል። እንግዲህ ሰውን ከገበታ የሚያርቅ መስሎ የሚታየው ጾም በወሎ ሰዎችን ወደ አንድ ገበታ የሚያቀርብ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በየትኛውም ሊቅ የተደነገገ ሥርዓት አይደለም፤ ሕዝቡ በኑሮው ያገኘው ጥበብ ነው።

በዚህ የጾመኞች አገር ካቶሊካውያን በቁጥር ጥቂት ናቸው። በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያው ያሉት ምእመናን ቀደም ሲል በአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ ሥር ይተዳደሩ ነበር፤ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ሥር ናቸው። አጥቢያቸውን «ቁምስና»፣ ካህኑን «ቆሞስ» ይሉታል። የግዕዝን ሥርዓት የሚከተሉ በመሆናቸው የዐቢይ ጾም እሑዶቻቸው ከኦርቶዶክሳዊው ጎረቤታቸው ጋር በስም አንድ ናቸው፤ ከዘወረደ ተነሥተው በቅድስት፣ በምኩራብ፣ በመፃጉዕ፣ በደብረ ዘይት፣ በገብር ኄርና በኒቆዲሞስ በኩል አልፈው ሆሳዕና ይደርሳሉ። ፋሲካንም በአንድ ቀን ያከብራሉ። ከምዕራቡ ዓለም ካቶሊካውያን ጋር የሚጋሩት ደግሞ ፍኖተ መስቀልን ነው። በጾሙ ዓርቦች ምእመናኑ ተሰብስበው የክርስቶስን የሕማም ጉዞ በ14 ምዕራፎች እየቆሙና እየተንበረከኩ ይከተላሉ።

የእነዚህ ጥቂት ሰዎች ጾም ለተነሣው ጥያቄ ልዩ ብርሃን ይሰጣል። የሮማ ቤተ ክርስቲያን የላቲን ሥርዓት ሕግ ጥብቅ ጾም የሚያዝዘው በዐመድ ረቡዕና በስቅለት ዓርብ ብቻ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ደግሞ የአጿጿሙን ነገር ለየቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ይተወዋል። ስለዚህ የደሴው ካቶሊካዊ «ሕጉ ይህን ያህል አላስገደደኝም» ሊል የሚችልበት ቀዳዳ አለው፤ በዙሪያው ያለው ጎረቤት ግን ሃምሳ አምስቱንም ቀን ይጾማል። በዚህን ጊዜ ሰውየው የሚጾመው ስለ ምንድን ነው? ስለ ሕግ ነው? ስለ ይሉኝታ ነው? ወይስ ስለ ኅሊናው? ይሉኝታ በአገራችን ብዙ ክፋትን የከለከለ ኃይል ነው፤ ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን ይሉኝታ የሚጠብቀው ሰው የሚያየውን ብቻ ነው። ጎረቤት ገበታውን ያያል፤ የተተወው እህል ወዴት እንደ ሄደ ግን አያይም። ስለዚህ ጥያቄው ከሕግም ከይሉኝታም አልፎ ኅሊና ዘንድ ይደርሳል።

የካቶሊካውያን ታሪክ በኢትዮጵያ ራሱ ስለ ጾም ብዙ የሚናገረው አለው። አፄ ሱስንዮስ በ1626 እ.ኤ.አ. ለሮማ መታዘዛቸውን በይፋ ባወጁ ጊዜ፣ ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ የበዓላቱን ቀመርና የአጿጿሙን ሥርዓት በትእዛዝ ለመለወጥ ተነሣ። ሕዝቡ ስለ ባሕርይና ስለ ትስብእት የሚነገረውን ረቂቅ ክርክር ሁሉ ባይከታተልም ሌማቱን ያውቅ ነበር። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 እ.ኤ.አ. ንጉሡ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በኩታበርና በደሴ አቅራቢያ በምትገኘው በቦሩ ሜዳም በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ሰብስበው የሃይማኖት ክርክሩን በሥልጣን በቈረጡት ጊዜ፣ የወሎ ሙስሊሞች እምነታቸውን እንዲለውጡ መታዘዙ ለአገሩ ያተረፈው ቂምና ስደት ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሰውን በአዋጅ ማስራብ ይቻላል፣ በአዋጅ ማስጾም ግን አይቻልም።

በ1839 እ.ኤ.አ. ዐድዋ የገባው ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝቡ «አቡነ ያዕቆብ» የሚለው፣ ሌላ መንገድ መረጠ። ቋንቋውን ተማረ፤ የአገሩን አለባበስና አኗኗር ያዘ፤ ለተከታዮቹም የግዕዝን ሥርዓት አጸናላቸው። ጎረቤት ሲጾም እየጾሙ መኖር ከጎረቤት ጋር ለመነጋገር የመጀመሪያው ሰዋስው መሆኑን የተረዳ ይመስላል። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ኋላ በ1985 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል የሆኑት አባ ጳውሎስ ጻድዋ ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመው በ1968 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በዚያ የሕግ መጽሐፍ ስለ ጸሎት፣ ስለ ጾምና ስለ ምጽዋት የሚናገሩት አንቀጾች ጎን ለጎን ተሰድረው ይገኛሉ። አሰዳደራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ምጽዋት የሌለው ጾም በጥንቱ ሕግ ዐይን ጎዶሎ ነው።

ይህን ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ በግልጽ ያስቀመጠው ጽሑፍ በግዕዝ ተጠብቆ የቆየው የሄርማ መጽሐፍ ነው። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ ይህን መጽሐፍ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም አግኝቶት በ1860 እ.ኤ.አ. በላይፕሲግ ታተመ። ዳባዲ ከላዛሪስቱ ካህን ከጁሴፔ ሳፔቶ ጋር በ1838 እ.ኤ.አ. ወደ ዐድዋ የመጣ፣ ለካቶሊክ ሚሲዮን በር ከከፈቱት አንዱ ነው። እንግዲህ የካቶሊኩ መንገደኛ ከኢትዮጵያ ገዳም የተቀበለው ትምህርት እንጂ ለኢትዮጵያ ገዳም ያመጣው አልነበረም። የመጽሐፉ ምክር የሒሳብ ምክር ነው። ጾመኛ በጾመበት ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ እንዲያሰላ፣ ያንንም ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ እንዲሰጥ ያዝዛል። በምዕራቡ ወገን በአምስተኛው መቶ ዓመት የነበረው የሮማው ልዮን በዐቢይ ጾም ስብከቶቹ ከዚህ ጋር አንድ የሆነ ነገር አስተምሯል። በ451 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት የልዮን ስም በእኛ አገር ሊቃውንት ዘንድ በበጎ አይነሣም፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ጠላቶች የሆኑት ወገኖች ስለ ድኻው እንጀራ ግን ሳይመካከሩ ተስማምተው ተገኝተዋል።

የሄርማ ሒሳብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሙሉውን የጾም ትርጉም ይለውጣል። ጾም የሰውነት ቅጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በጾመኛውና በአምላኩ መካከል ያልቅ ነበር። የምሳው ዋጋ ሲሰላ ግን ሦስተኛ ሰው ይገባል። ጾመኛው ድርሻውን በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ነው፤ ረኀብተኛውም ድርሻውን ያለ ፈቃዱ የተነጠቀ ሰው ነው። የተለቀቀው ድርሻ ወደ ተነጠቀው ሰው ካልደረሰ ጾመኛው በጎተራው ላይ እህል ጨመረ እንጂ ጾመ አይባልም። ንፉጉን ከጾመኛው የሚለየው መስመርም ይኸው ነው።

«ድርሻውን የተነጠቀ» የሚለው አነጋገር ለማሳመር የተባለ አይደለም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ድህነትና ረኀቦች» በተሰኘው መጽሐፉ የ1965–66 ዓ.ም.ን የወሎ ረኀብ በሰፊው መርምሯል። በወሎ ውስጥ ምርት መጥፋቱን አይክድም። ነገር ግን በአገር አቀፍ ደረጃ የእህሉ መጠን እልቂቱን በሚያስረዳ አኳኋን እንዳልቀነሰ፣ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ የተገመተውን ያህል እንዳልናረ፣ ይልቁንም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የሚጫን እህል እንደ ነበረ አሳይቷል። የገበሬው እርሻ በጠፋ ጊዜ የጠፋው እህሉ ብቻ አልነበረም፤ እህል ለመግዛት የሚያስችለው አቅምም አብሮ ጠፋ። በገበያ ላይ እህል እያለ በመንገድ ዳር ሰው ወደቀ። ከዚህ ወዲህ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘኖቹ በመዘረፋቸው በሁለቱ ከተሞች የምግብ ዕደላውን ለማቋረጥ ተገዶ ነበር። ያን ጊዜም ቢሆን እህሉ ወደ አገሩ ገብቶ ነበር፤ የቀረው በእህሉና በሰውየው መካከል ያለው መንገድ ነው። እንግዲህ ረኀብ ብዙውን ጊዜ የሰማይ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የድርሻ ጉዳይ ነው ማለት ነው። ጾምም የድርሻ ጉዳይ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በሆድ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሊነሣም ይገባል። «ለድኻ ሕዝብ ጾምን ማስተማር ረኀቡን መባረክ ነው፤ ሆዱ ባዶ የሆነው ሰው ባዶነቱን እንደ ጽድቅ ቈጥሮ የነጠቀውን እንዳይጠይቅ ማድረግ ነው» የሚሉ አሉ። አባባሉ ከታሪክ ማስረጃ አያጣም። ድርሻቸው ከማይጎድልባቸው ሰዎች አፍ ለድኻው የትዕግሥት ስብከት ሲወርድለት ኖሯል። ነገር ግን ተቃውሞው የሚመታው ጾምን ሳይሆን ጾምና ረኀብ እንዲምታቱ የሚያደርገውን ሰው ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ ሠራተኛን እያስጨነቁ የሚጾሙትን ሲገሥጽ፣ እውነተኛውን ጾም ከታሰረው መፈታትና ከተራበው መጥገብ ለይቶ አላየውም። ፓፓ ጳውሎስ 6ኛም በ1966 እ.ኤ.አ. የንስሓን ሥርዓት በአዲስ መልክ ሲደነግጉ ለበለጸጉትና ለድኾቹ አገሮች አንድ ዓይነት ሸክም አልጫኑም፤ የበለጸጉት ከምቾታቸው ቀንሰው ለተራበው እንዲያካፍሉ፣ ድኾቹም መከራቸውን በጸሎት ሲያቀርቡ ማኅበራዊ ፍትሕን በሁሉ መንገድ መፈለጋቸውን እንዳያቋርጡ አሳስበዋል። ድርሻ የሌለውን ሰው «ድርሻህን ልቀቅ» ማለት ፌዝ ነው።

ይሁንና ተቃዋሚው አንድ ነገር ይዘነጋል። ድኻን ሁልጊዜ ተቀባይ አድርጎ ማየትም ሌላ ዓይነት ንጥቂያ ነው። በኩታበር ደጋ እህሏ ወደ ጎተራው ወለል የደረሰባት እናት በሁዳዴ ከዕለት ቀለቧ አንዲት እፍኝ ሽምብራ ነጥላ ለባሰባት ጎረቤቷ ስትልክ፣ በዚያች እፍኝ ረኀብተኛ ከመባል ወጥታ ሰጪ ሆናለች። በጸሎተ ሐሙስ ስንዴና ባቄላ አንድ ላይ ተቀቅሎ የሚዘጋጀው ጉልባን ቤት ለቤት የሚዞረው ሆድ ለማጥገብ አይደለም፤ መጠኑ ለዚያ አይበቃምና። ማንም ከሰጪነት ማዕርግ እንዳይጎድል ነው። ሰው ለመኖር እንጀራ እንደሚያሻው ሁሉ፣ ሰው ሆኖ ለመኖር ለሌላው የሚለቀው ነገር ያሻዋል። ረኀብ ከሚነጥቃቸው ነገሮች ሁሉ ክፉው ይህ ነው፤ ከእንጀራው በፊት የመስጠትን ዕድል ይወስዳል።

ጥያቄው በሥልጣን ላይ ያለውንም አይምርም። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መባቻ በአገሩ ቴሌቪዥን ያቀረበው የወሎ ረኀብ ፊልም፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ከቤተ መንግሥት የግብዣ ትርኢቶች ጋር እየተጠላለፈ ለኢትዮጵያ ተመልካች ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ሁለት ሥዕሎችን ጎን ለጎን ማኖር ብቻ ስንት ንግግር የማይፈጽመውን ሥራ እንደሚፈጽም የኪነ ጥበብ ሰዎች ከዚያ ምሽት ተምረዋል። ነገር ግን ትምህርቱ በዚያ አላበቃም። ያን ፊልም ያሳየው መንግሥት በ1977 ዓ.ም. መስከረም አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ ሲያከብር ወሎ እንደ ገና በረኀብ ላይ ነበረች። የሌላውን ግብዣ መኰነን ቀላል ነው፤ የራስን ግብዣ መተው ግን ጾም ነው፤ ያም ቀረ። በዚያ ዘመን ያልተበላው ምሳ ጥያቄ ከየቤቱ ሌማት ተነሥቶ የአገር ጥያቄ ሆኖ ነበር።

ጥበብም ለራሷ የምትጾምበት ልማድ አላት። በሁዳዴ ወራት በቤተ ክርስቲያን ከበሮውና ጸናጽሉ ዝም ይላሉ፤ የሚሰማው በመቋሚያ የሚመራው ጾመ ድጓ ነው። ዜማው በመሣሪያ ድምቀት መሸሸግ ስለማይችል ድምፁና ቃሉ ብቻቸውን ይቆማሉ። ከባቲና ከአምባሰል ቅኝት ጋር ያደገው የወሎ ሰው በዚህ ጸጥታ ውስጥ የሚሰማው ድኽነት አይደለም፤ የተቈጠበ ኃይል ነው። ረኀብን የሚጽፍ፣ የሚሥል ወይም የሚያሳይ ሰውም ከዚህ ሊማር ይችላል። የወደቀውን ሰው አጥንት እየቈጠሩ ማሳየት ለተመልካቹ እንባን ይሰጣል፤ ለወደቀው ግን ምንም አይመልስም። ረኀብተኛውን ባለ ድርሻ፣ ባለ ስም፣ ሰጥቶ የሚያውቅ ጎረቤት አድርጎ ማሳየት ከባድ ነው፤ ማስጌጫን መተው ይጠይቃልና።

እንግዲህ ጾመኛንና ረኀብተኛን የሚለየው ፈቃድ መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ፈቃዱን በጎ የሚያደርገው መድረሻው ነው። ይህ አስተሳሰብ ለአማኙ ብቻ የሚሆን አይደለም። ለመምህሩ ተማሪው ቁርስ ሳይቀምስ ስለ መምጣቱ ማወቅ የትምህርቱ አንድ ክፍል መሆኑን ያመለክተዋል። ለኪነ ጥበብ ሰው የሚያሳየው ረኀብ የማን ድርሻ መጥፋት እንደ ሆነ እንዲናገር ያስገድደዋል። በኃላፊነት ላይ ላለው ደግሞ በመጋዘን የተቈለለው እህል ወደ ቀበሌው እስኪደርስ ድረስ የእርሱ ምሳ እንዳልተፈታ ያስታውሰዋል። በኩታበር ደጋ የበልጉ ደመና ዘንድሮም ይጠበቃል። ቢመጣ ሕዝቡ ጾሞ ይፈስካል። ቢቀር ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ የሚጠየቀው የሰማዩ ነገር ብቻ አይሆንም፤ ጾመው ያዋሉ እጆች የለቀቁት እህል የት እንደ ደረሰም ነው።